ጆጉን የደፋው ማን ነው?

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ወላጅ እናቷና የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ናቸው። ለቀረው ዓለም «እታለም» ናት። የአምቡላንስ ጣቢያው ጥበቃ እታለም ይላታል፤ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም እታለም ይላታል፤ ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ የሚያቃስተው ሰው እንኳ ሹፌሩ ሲጠራት ሰምቶ፣ ሆስፒታል በር ሳይደርስ «ኧረ እታለም፣ ወገቤን!» ማለት ይጀምራል።

ነርስ ናት። ነጭ ጋውን ለብሰው ጸጥ ባለ ኮሪደር ከሚንሸራሸሩት ወገን ግን አይደለችም። ዕድሜዋን የፈጀችው በአምቡላንስ ሆድ ውስጥ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ከወንበሯ እየተነሣች፣ በአንድ እጇ ብረት ጨብጣ በሌላው የሰው ደም ሥር ስትፈልግ። አጭር ናት፤ ክብ ናት፤ ጉንጮቿ እሷ ሳትስቅም ይስቃሉ። ተማሪ ሳለች አንድ መምህሯ «ይቺ ልጅ ወይ ቲያትረኛ ትሆናለች፣ ወይ እስር ቤት ትገባለች» ብለው ተንብየው ነበር። እናቷ እስከ ዛሬ «ከሁለቱም ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ነርስ ሆነች» ይላሉ። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። «እኔ የቆመ ሰዓት አስነሣለሁ፣ እሷ የቆመ ልብ ታስነሣለች። ልዩነታችን፣ የእኔ ሰዓቶች ሲነሡ አይሳደቡም» ይላል።

እውነቱን ነው፣ ሰው ሲያመው ይሳደባል። እታለም ደግሞ ስድብ አይጣበቅባትም። አንድ ጊዜ ከደረጃ የወደቀ ሰካራም እግሩን ስታስርለት «አንቺ ድንች!» አላት። እሷም ፋሻውን ሳታቋርጥ «የተቀቀለ ነው የተጠበሰ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሲያስብ እግሩ ታስሮ አለቀ።

አንድ ልማድ አላት። ታማሚ ቤት ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ ትንበረከካለች። ሰውዬው ወለል ላይ ከሆነ ወለል ላይ፣ አልጋ ላይ ከሆነ ከአልጋው ሥር። አዲስ የሚቀጠሩት ምክንያቱን ሲጠይቋት «ታሞ የተኛ ሰው ቀና ብሎ የሰው አፍንጫ ቀዳዳ ለማየት አልተፈጠረም» ትላቸዋለች። እነሱ ይስቃሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሳይታወቃቸው ሁሉም ይንበረከካሉ።

ሹፌሯ «አይቸኩሌ» ይባላል። የአምቡላንስ ሹፌር ሆኖ ይህን ስም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። መኪናውን እንደ ነፋስ ያበርራል፤ ከመኪናው ከወረደ በኋላ ግን ጫማውን ለማሰር ብቻ ግማሽ ቀን የሚበቃው አይመስልም። ትልቅ ሰው ነው፣ በቁመትም በወርድም፤ ደም ሲያይ ደግሞ ይፈዛል። አንዲት ሴት በታክሲ ውስጥ ምጥ ይዟት በደረሱላት ቀን እታለም ከታክሲው ወንበር ሥር ተጣጥፋ ሕፃኑን ስትቀበል፣ እሱ በሩን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይል ነበር። አይዞሽ የሚለው ለራሱ ጉልበት ነበር። እናትየው ግን በጭንቋ መካከል የሰማችው ድምፅ የእሱን ብቻ ስለሆነ፣ ልጁን በእሱ ስም ሰየመችው። አይቸኩሌ ይህንን ለጣቢያው ሁሉ ሲያወራ፣ እታለም ከጎኑ ተቀምጣ «እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» እያለች ታሟሙቅለታለች። ሰው ከሳቀ በኋላ ዞር ብላ እጇን ታጥባለች፣ በቃ።

ታሪኩ የሚጀምረው አንድ ረፋድ ላይ ነው።

የተጠሩት ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት ያለፈው አንድ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ታማሚው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ልጅየዋ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናት፣ ድምፅዋም ከደወል ይልቃል። ዳኛው በሕንፃው ውስጥ እስካሁን ከዳኝነት ወንበራቸው አልወረዱም። ቆሻሻ የት ይደፋ፣ የማን ልጅ ኮሪደር ላይ ኳስ መታ፣ የሁለተኛ ፎቅ ውሻ የሚጮኸው በየትኛው መብቱ ነው፣ ሁሉም የሚወሰነው በእሳቸው ነው። ጎረቤት እሳቸውን ሲያይ ሸሚዙን ይቆልፋል። ታመው አያውቁም። ይልቁንም «በሽታ የሰነፍ ሰው ሰበብ ነው» ሲሉ መላው ሕንፃ ሰምቷል።

እታለም እያለከለከች ስትደርስ በሩ ተከፍቷል፤ ጎረቤት ሁሉ ከነሕፃናቱ በሩ ላይ ተደርድሯል። አንዱ «አየር ስጡት!» ይላል፣ አየሩን የዘጋው ራሱ ነው። ዳኛው ሶፋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ጭናቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘውታል።

እታለም ተንበረከከች።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ? እጅዎን ልያዝ?»

«አልታመምኩም» አሉ ዳኛው። «ነፋስ ነው፣ ይወጣል።»

«ይወጣል እንጂ! እኛም እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ሆነን እንጠብቀው። ነፋሱ ወደ ግራ ክንድዎ ሄዷል?»

ዳኛው ግራ ክንዳቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። አዎን ማለታቸው ነበር። አስፕሪን አስመጠጠቻቸው፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ አደረገች፣ ሸሚዛቸውን «ይፈቀድልኝ» ብላ ከፍታ የልብ መሣሪያውን ገመዶች ደረታቸው ላይ ለጠፈች። ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አይታ ፊቷን አልለወጠችም፤ ለአይቸኩሌ ግን ባይኗ ምልክት ሰጠችው። እሱም ለአንድ ጊዜ ቸኩሎ የመሸከሚያውን ወንበር ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ልብዎ አኩርፏል» አለች። «አንዷ ቧንቧው ተዘግታበታለች። እዚህ ሆነን ስንለምነው ብንውል አይታረቅም። ሆስፒታል ወስደን እንክፈትለት።»

«አልሄድም።»

«አባዬ!» አለች ልጃቸው።

«ነገ እሄዳለሁ። በእግሬ እሄዳለሁ። አሁን ሁላችሁም ውጡልኝ።»

ልጅየዋ ለመነች፣ ተቆጣች፣ መልሳ ለመነች። ጎረቤትም ምክሩን ወረወረ። እታለም መጀመሪያ ያሰበችው ኩራት ነው ብላ ነው። ኩራትን ታውቀዋለች፤ መድኃኒቱ ቀልድ ነው። «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ እኔን በዚህ ውፍረቴ አስወጥተው ባዶዬን ሊሸኙኝ ነው?» አለች። አልሳቁም። «ወንበሩ ላይ ቢቀመጡ እንደ ሹመኛ ነው የምናወርድዎት» አለች። ጋዜጣውን ይበልጥ ጨመቁት። ዓይናቸው ወደ በሩ፣ ወደ ጎረቤቶቻቸው እየሸሸ መልሶ ጋዜጣው ላይ ይወድቃል። የደነገጠ የልጅ ዓይን ነበር።

ያኔ እታለም ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማቸውን አስተካከለች። ሶፋው ሥር፣ ከጫማቸው አጠገብ፣ ወለሉ ረጥቧል።

ነገሩ ገባት። ሕመሙ ድንገት ሲመታቸው፣ ለአፍታ ራሳቸውን ስተው ይሆናል፣ ሽንታቸው አምልጧቸዋል። ሰውየው ሞትን አልፈሩም። የፈሩት መነሣትን ነው። ተነሥተው በእርጥብ ሱሪ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ከማለፍ እዚያው ሶፋው ላይ መሞትን መርጠዋል።

ሰዎቹን አስወጣለሁ ብትል ደረጃው ሁሉ ሰው ነው፤ ልቀይርዎት ብትል ጊዜ የለም፤ ለልጃቸው በጆሮዋ ልንገራት ብትል ያ ጆሮ ምስጢር ሲሰማ አፏ እንደሚጮህ ገና ከመግባቷ ተረድታለች።

«ውሃ!» አለች እታለም ጮክ ብላ። «መድኃኒቱን የሚያወራርዱበት ውሃ አምጡልኝ፣ በጆግ፣ በትልቁ!»

ልጅየዋ ሮጣ ሄዳ ሮጣ መጣች፣ እስከ አፉ የሞላ የመስታወት ጆግ ይዛ። እታለም ተቀበለች። ተነሣች። አንድ እግሯን በአይቸኩሌ ወንበር ጎማ ላይ ጣል አደረገች፣ «ወይኔ!» ብላ ተንገዳገደች፣ ያን ሁሉ ውሃ አንድ ጠብታ ሳታስቀር ዳኛው ጭን ላይ ቸለሰችው። ከዚያም ነገሩ እንዲያምር ራሷም ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

ቤቱ ታመሰ። «በስመ አብ!» አለች አንዷ ጎረቤት። ጋዜጣው ሟሟ። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ሱሪው፣ ነጠላ ጫማው፣ ሁሉም አንድ ላይ ራሰ።

«አበድሽ እንዴ!» ጮኸች ልጅየዋ። «የታመመ ሰው ላይ? አባቴ ላይ?»

«ወይኔ ጉዴ! ወይኔ እጄ ይቆረጥ!» አለች እታለም ከወለሉ ላይ። «ብርድ ልብስ! ሰውየውን ብርድ ሳይመታቸው ብርድ ልብስ አምጡ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?»

ብርድ ልብስ መጣ። ዳኛው ከወገባቸው በታች ተጠቀለሉ። ቁልቁል እታለምን አዩዋት፤ እሷም አሁንም እንደተቀመጠች ሽቅብ አየቻቸው።

«እንሂድ» አሉ ዳኛው።

በደረጃው ሲወርዱ ጎረቤት ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ «እግዜር ይማርዎ» ይላል፣ ዳኛውም በግርማ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከኋላ ግን «ነርሷን አያችኋት? እኚህን በመሰሉ ሰው ላይ ውሃ ደፋች» የሚል ሹክሹክታ ተከተላት። አይቸኩሌ ወንበሩን ከላይ ይዞ እያለከለከ፣ ግራ ገብቶት አያት። ይህን ያህል ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ በጉድጓድ መንገድ ላይ እንኳ ከእጇ ጠብታ ስታፈስ አይቷት አያውቅም።

አምቡላንሱ ተንቀሳቀሰ። ልጅየዋ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ትቆጣለች፤ ከኋላ እታለምና ዳኛው ብቻ ናቸው።

«ሆን ብለሽ ነው» አሉ ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ምኑን ጌታዬ?»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሐሰተኛ ምስክር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ምስክሩ ምን አለ?»

«አዳለጠኝ አለ።»

«እንግዲያው አዳልጦታል» አለች እታለም፣ የሰቀለችላቸውን ግሉኮስ እያስተካከለች። «እኔ በተፈጥሮዬ እጄ ልል ነው። ባሌን ይጠይቁት፣ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አልተረፈንም።»

ዳኛው፣ አሁን ድምፃቸው ሌላ ሆኖ፣ «ልሞት ነው?» አሉ።

እታለም መቀለዱን ተወች። እጃቸውን ያዘች። «አላውቅም ጌታዬ። የሚሞቱ አይመስለኝም፣ በጊዜ ነው የተነሣነው። ግን አልዋሽዎትም፣ ልብዎ ተጎድቷል። የማውቀው ይህን እጅ ሐኪሙ እስኪቀበለኝ ድረስ እንደማልለቀው ነው።» ከዚያ አላስቻላትም። «ደግሞ ዛሬ ቢሞቱ ያቺ ልጅዎ እኔን በሕይወት አታስቀረኝም። ለእኔ ሲሉ ትንሽ ይበርቱ።»

የዳኛው ከንፈር በኦክስጅኑ ሥር ላላ አለ። የሳቁ ይመስላል።

ሐኪሞቹ የተዘጋውን ደም ሥር ከፈቱት። በጊዜ ደረሳችሁ ተባሉ። እታለም የዳኛውን እጅ የለቀቀችው ሐኪሙ ሲቀበላት ነበር፤ ሌላ ጥሪ ስለነበረም ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግን ልጅየዋ ጠበቀቻት። ጭንቀቷ ሁሉ ወደ ቁጣ ተገልብጦ፣ ባለፈ ባገደመው ሰው ፊት አወረደችባት። ግዴለሽ አለቻት፣ የሰው ነፍስ መጫወቻ ያደረግሽ አለቻት፣ የክፍሌ ተማሪ ብትሆኚ ከትምህርት ቤት አባርርሽ ነበር አለቻት።

«እውነትሽን ነው እናቴ» አለች እታለም። «አጥፍቻለሁ። አሁን ግን ቁጭ በይ፣ ከጠዋት ጀምሮ አፍሽ ውስጥ ምንም አልገባም አይደል?» ብላ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ ሰጠቻት። ልጅየዋ ሳታስበው ተቀበለች፤ ብስኩቱን ይዛ መቆጣቷን ቀጠለች።

አይቸኩሌን ግን ነገሩ ከነከነው። መኪናው ጋ ሲደርሱ «ምነው ዝም አልሽ?» አላት። «አንቺ ውሃ አትደፊም። እኔ አውቅሻለሁ። የሆነ ነገር አለ።»

«አዳለጠኝ አልኩህ።»

«ለእኔም ትዋሺኛለሽ?»

«ሆድ ይፍጀው» አለች እታለም። «ንዳ።»

ሆድ ሊፈጀው ግን አልቻለም። ልጅየዋ አቤቱታ አቀረበች። ከሳምንት በኋላ እታለም በሆስፒታሉ ግቢ ወዳለው ወደ ኃላፊው ቢሮ ተጠራች። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ክራባቱ አዲስ ነው፣ ሹመቱም እንደዚያው። በአንድ በኩል ልጅየዋ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ። በሌላው በኩል እታለም። በሩ ላይ፣ ማንም ሳይጠራው፣ አይቸኩሌ።

«ሲስተር» አለ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ታማሚ ላይ ውሃ ደፍተዋል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንዴት ሊሆን ቻለ?»

«በእኔ ቸልተኝነት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ምን ልቀጣ?»

ኃላፊው ሙግት ጠብቆ ስለነበር ተቸገረ። ወዲያው አይቸኩሌ ከበሩ ላይ ገባ አለ። «የደፋችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ የደፋሁት።»

«አንተ?»

«ወንበሩን በጎኗ ገፋሁባት። ቸኩዬ ነው።»

ኃላፊው ቀና አለ። «አንተ? ቸኩለህ?»

«አንዳንዴ እቸኩላለሁ» አለ አይቸኩሌ ተቀይሞ።

«አይስሙት!» አለች እታለም። «ይሄ ሰው ይዋሻል።»

«እኔ ልዋሽ? አንቺ ነሽ እንጂ...»

በዚህ መካከል ከኮሪደሩ «አባባ! ኧረ አባባ ይመለሱ! አባባ ሐኪሙ ይጮህብኛል!» የሚል ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተና ዳኛው ብቅ አሉ፤ የሆስፒታል ፒጃማ ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ከኋላቸው የዋርዱ ነርስ ተንጠልጥላባቸው። ከተኙበት ክፍል ሾልከው መጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ኃላፊው ጭምር፣ ሳያስበው ተነሥቶ ቆመ።

«ተቀመጡ» አሉ ዳኛው። የሚቀመጡበት ወንበር ስላጡ ኃላፊው የራሱን ለቀቀላቸው። ተቀመጡበት። ከጠረጴዛው ወዲያ ሆነው ሲያዩ ነገሩ ሁሉ ቦታው ላይ የገባ መሰለ።

«ስለ ጆጉ ነው አሉ?»

«አዎን፣ ክቡር... አዎን» አለ ኃላፊው፣ ቆሞ።

«ጆጉን የደፋሁት እኔ ነኝ።»

ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ።

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስተር ጆጉን ስታቀርብልኝ መታሁት። ወደቀ። እሷም እኔን ላለማሳፈር ጥፋቱን ወሰደች። ይኸው ነው።»

እታለም ዞር ብላ አየቻቸው። ያን ሁሉ ዘመን ሐሰተኛ ምስክር ሲያዩ የኖሩት ሰውዬ፣ ሲዋሹ ጆሮአቸው ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸ ልጅ ይመስላሉ።

ኃላፊው ግራ ቀኝ አየ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ጆጉ አንድ ነው አይደል?»

«አንድ ነው» አሉ ሦስቱም ባንድ ላይ።

«ታዲያ አንድ ጆግ ስንት ሰው ይደፋዋል?»

ልጅየዋ አባቷን ትኩር ብላ ታያቸዋለች። አባቷን ታውቃቸዋለች። የማይፈልጉት ሰው በር ሲያንኳኳ እንኳ «የለሁም በይልኝ» ማለት የማይሆንላቸው፣ ራሳቸው ወጥተው «አለሁ፣ ግን ላገኝህ አልፈልግም» የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን ግን በሰው ፊት፣ ፒጃማ ለብሰው፣ ዓይናቸውን ከእሷ ዓይን እየሸሹ ይዋሻሉ። ለምን? ቦርሳዋን የያዘ እጇ ቀስ ብሎ ላላ። ያን ቀን ሱሪውን ከሆስፒታል በፌስታል ተቀብላ ቤት ወስዳ ያጠበችው እሷ ነበረች። ስታጥብ አፍንጫዋ የሆነ ነገር ነግሯት ነበር፤ ንዴቷ ነው ያላሰማት።

ጋዜጣው ትዝ አላት። ያ በሁለት እጅ ጭምቅ ተደርጎ የተያዘው ጋዜጣ። «ሁላችሁም ውጡልኝ» ያሉት።

ወደ እታለም ዞረች። እታለም ጣራውን ታያለች፣ ጣራው ላይ አስደናቂ ነገር ያለ ይመስል።

«ጥፋቱ የማንም አይደለም» አለች ልጅየዋ፤ ድምፅዋ ለአንድ ጊዜ ከደወል አንሶ። «የእኔ ነው። የጆጉ እጀታ ላልቶ ነበር። እያወቅኩ ነው ያቀረብኩት።»

ኃላፊው ራሱን ያዘ። ክራባቱን ላላ አደረገ። «አራት» አለ ለራሱ። «አንድ ጆግ፣ አራት ደፊ።» ጥቂት አሰበና፣ ሹመቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ከሰጠው ውሳኔ ሁሉ የተሻለውን ሰጠ፤ «እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ወደየሥራችሁ። አባባን ደግሞ ወደ አልጋቸው መልሱልኝ፣ ወንበሬን እፈልገዋለሁ።»

ዳኛው በዋርዱ ነርስና በአይቸኩሌ መካከል ሆነው ሲወጡ፣ እታለም አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ዋሸሁ» አሏት በሹክሹክታ።

«ሰማሁ። አልቻሉበትም።»

«ገና ጀማሪ ነኝ» አሉ፣ አለፉ።

ልጅየዋ ግን አልሄደችም። ኮሪደሩ ላይ እታለምን ክንዷን ይዛ አስቆመቻት። ለመናገር ስትሞክር አልቅሳ ሳቀች፣ ስቃ አለቀሰች።

«እኔ ያን ሁሉ ስናገርሽ ብስኩት ትሰጪኛለሽ?»

«ርቦሽ ነበራ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?» አለች እታለም።

ልጅየዋ አየቻት፤ መቼም እንደማትነግራት ገባት። ስለዚህ ሌላውን ጠየቀች። «በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ይመለሳል። መታጠብ አለ፣ መነሣት መቀመጥ አለ። እኔ ደግሞ ስረዳው እንደ ተማሪዎቼ ነው የምጮህበት፣ እሱም ያኮርፋል። ሳላሳፍረው እንዴት እንደምይዘው አሳዪኝ። እባክሽ።»

እታለም በዕረፍት ቀኗ ሄደች። አይቸኩሌንም ጎትታ ወሰደችው፣ «ታማሚ እፈልጋለሁ» ብላ። እሱ ደረጃውን ወጥቶ ሲጨርስ እውነተኛ ታማሚ መስሎ ስለነበር ብዙ ማስመሰል አላስፈለገውም። የዳኛው አልጋ ላይ አስተኙት። ዳኛው እንግዳ እንደመጣባቸው ሁሉ ከጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው በትዝብት ይመለከታሉ።

«በመጀመሪያ» አለች እታለም፣ «ተንበርከኪ። አዎን፣ እዚህ። አሁን እሱ ነው ከላይ ያለው፤ ሹም እሱ፣ አንቺ አሽከር። ቀጥሎ ጠይቂው። 'ላንሣህ' አይባልም። 'ክንድህን ታበድረኛለህ?' ይባላል።»

«ክንድህን ታበድረኛለህ?» አለች ልጅየዋ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመች ሁሉ ጮክ ብላ።

«ቀስ። መንደሩ አልጠየቀሽም።»

«ክንድህን ታበድረኛለህ?»

አይቸኩሌ የዳኛው ትራስ ተስማምቶት አንቀላፍቷል። ልጅየዋ በብብቱ ሥር እጇን ሰድዳ፣ እታለም እንዳሳየቻት በወገቧ ሳይሆን በጉልበቷ ልታነሣው ሞከረች። የሚነሣ ተራራ አይደለም። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው አልጋው ላይ ተዘርራ ወደቀችበት። እሱ ማንኮራፋት ጀመረ። እታለም ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ልጅየዋም ለመቆጣት አፏን ከፍታ ሳቁ ቀደማት።

ዳኛው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ኳ አደረጉ።

«ይህን ሰውዬ ከአልጋዬ አንሡልኝ» አሉ። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ ቀኝ ክንዳቸውን ትንሽ ከደረታቸው ለቀቅ አደረጉ። «እኔ ላይ ተለማመጂ። እኔ እንኳ ስትጠይቂኝ እሰማለሁ።»

ልጅየዋ ከአልጋው ወረደች። ፀጉሯን አስተካከለች፣ ወንበሩ ሥር ተንበረከከች።

እታለም አይቸኩሌን በጫማው ጫፍ እየጎተተች ልትቀሰቅሰው ዞረች።